ስስ ጋላክሲዎችን ፍለጋ፦ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ በኮማ ክላስተር ውስጥ

ጋላክሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን መሃሉ የሚያበራ፣ ክንዶቹ የተጠማዘዙ ውብ ምስል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ነው። ስፋታቸው የኛን ፍኖተ ሐሊብ ሊያክል የሚችል፣ የያዙት ኮከብ ግን ከእሱ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ከዚያም ያነሰ የሆነ ጋላክሲዎች አሉ። ኮከቦቻቸው ተበታትነው ስለሚኖሩ ብርሃናቸው ስስ ነው። ፎቶ ላይ ስታዩዋቸው ከሩቅ ጎጆ ክዳን እንደሚወጣ ጭስ ናቸው፤ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አይለይም።

ባለሙያዎች አልትራ ዲፊዩዝ ጋላክሲ፣ በምሕጻር ዩዲጂ ይሏቸዋል። በብዛት የሚገኙት በጋላክሲ ክላስተር ውስጥ ነው። ክላስተር ማለት በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው የሚኖሩበት ሰፈር ነው።

ለዚህ ፍለጋ የራስ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። ቺሊ ተራራ ላይ ያለው ባለ 4 ሜትር ብላንኮ ቴሌስኮፕ ያነሳው ምስል ለሁሉም በነጻ ተለቋል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተመራማሪ የሚያየው ፒክሰልና ደብረ ብርሃን ቤቱ ቁጭ ያለ ተማሪ የሚያየው ፒክሰል አንድ ነው። ይህ ሁሌም ያስደስተኛል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እዚህ ሥራ ላይ ማግኘቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ መጣሉ ነው። ደብዘዝ ያለ ነገር ሰማይ ላይ ሞልቷል። ብዙው የምትፈልጉት አይደለም። ስለዚህ ከፍለጋው ይልቅ ማጣሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን በቁጥር እወቁ

ደብዛዛ ጋላክሲ ክላስተር ውስጥ እንዳለ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቪርጎ ክላስተር ፎቶዎች ላይ ተለቅ ያሉና የደበዘዙ ጋላክሲዎች ተመዝግበዋል። ነገሩ የጦፈው ግን በ2015 ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ፒተር ቫን ዶኩምና ሮቤርቶ አብርሃም ድራጎንፍላይ የሚባል መሣሪያ ሠርተው ነበር። መሣሪያው መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ አይደለም። የስፖርት ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙባቸውን ባለ 400 ሚሊሜትር የካኖን ሌንሶች ጎን ለጎን አስሮ የተሠራ ነው። ሌንሶቹ ውስጥ የሚንጸባረቅ ትርፍ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ስስ ነገር ለማየት ይመቻል። በዚህ መሣሪያ ኮማ ክላስተርን ሲያነሱ 47 እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች አገኙ፤ ስሙንም የሰጧቸው እነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ጂን ኮዳና ባልደረቦቹ በሱባሩ ቴሌስኮፕ የተነሱ የቆዩ ምስሎችን ፈትሸው እዚያው ኮማ ውስጥ 854 ቆጠሩ። ምስሉ ቀድሞም ነበር። የጎደለው የሚፈልግ ዓይን ነበር።

መለኪያው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው መጠን ነው። የጋላክሲው ግማሽ ብርሃን የሚገኝበት ክብ ራዲየስ ከ1.5 ኪሎፓርሴክ መብለጥ አለበት። ይህ ወደ 4,900 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ሁለተኛው የገጽ ድምቀት ነው። መሃሉ በጂ ባንድ (አረንጓዴ ገደማ ብርሃን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) በአንድ ካሬ አርክ ሰከንድ 24 ማግኒቲዩድ ወይም ከዚያ የደበዘዘ መሆን አለበት። አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ማግኒቲዩድ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ እንደሚቀንስ አትርሱ።

24 ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ከሰማዩ ጋር አወዳድሩት። መብራት በሌለበት ቦታ፣ ጨረቃ ባልወጣችበት ሌሊት፣ ባዶው ሰማይ ራሱ 22 ገደማ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ነገር መሃሉ እንኳ ከጨለማው ሰማይ 6 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል። 26 የደረሰ ከሆነ ደግሞ 40 ጊዜ። ችግሩ ርቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጋላክሲው ከሰማዩ ብርሃን ሥር ተቀብሮ ነው ያለው።

ደረጃ 2፦ ክላስተር ምረጡ

ከሰሜን ሸዋ ኬክሮስ፣ ከ10 ዲግሪ ሰሜን ትንሽ ዝቅ ካለው ቦታችን፣ ታዋቂዎቹ ክላስተሮች በሙሉ ከአድማስ በላይ ይወጣሉ። አውሮፓ ያለ ሰው ፎርናክስን በደንብ አያያትም። አውስትራሊያ ያለ ሰው ደግሞ ፐርሲየስ አድማስ ላይ ትጋደምበታለች። እኛ ሁለቱንም እናያለን።

ኮማ 320 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከ1,000 በላይ ጋላክሲዎች ተለይተውበታል። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 የጋላክሲዎቹን ፍጥነት መርምሮ፣ የሚታየው ቁስ ብቻውን አስሮ ሊይዛቸው እንደማይችል የተናገረው እዚህ ክላስተር ላይ ነው። የጨለማ ቁስ፣ ማለትም በስበቱ ብቻ የሚታወቀው የማይታይ ቁስ፣ ወሬ የጀመረው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ቪርጎ በ54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ፎርናክስ በ65 ሚሊዮን ገደማ ይቀርባሉ። ፐርሲየስን ለጊዜው ተዉት። ከፍኖተ ሐሊብ አቧራ ጀርባ ስለሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል።

የኔ ምክር ከኮማ ጀምሩ ነው። ምክንያቱም መጠኑ ለስክሪን ይመቻል፤ ቀድሞ የተለየ ናሙናም ሞልቷል። ኮማ ላይ 1 አርክ ሰከንድ 0.48 ኪሎፓርሴክ ነው። ስለዚህ 1.5 ኪሎፓርሴክ ማለት 3 አርክ ሰከንድ ያህል ነው። ያው መጠን ፎርናክስ ላይ 15፣ ቪርጎ ላይ ደግሞ 19 አርክ ሰከንድ ገደማ ይሆናል።

ወጥቶ ማየት ለሚፈልግ

ስስ ጋላክሲውን በዓይን አታዩትም። በትልቅ የግል ቴሌስኮፕም ቢሆን ተስፋ አታድርጉ። ቢሆንም የምትሠሩበትን ሰፈር ሰማይ ላይ ማወቅ ደስ ይላል፤ ሥራውንም ነፍስ ይዘራበታል። ኅዳር ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ፎርናክስ በደቡብ በኩል፣ ከአድማስና ከአናት እኩል ርቀት ላይ ትሆናለች። ጥር አጋማሽ ላይ ኮማ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል በሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች፤ ሊነጋጋ ሲል ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ቪርጎ፣ በሰንቡላ ያለችው፣ ልክ አናታችን ላይ ማለት ይቻላል። በጥሩ ባይኖኩላር የቪርጎዋን ጋላክሲ ኤም 87 እንደ ትንሽ ጉም ታዩዋታላችሁ።

ከደብረ ብርሃን ከተማ መብራት ራቅ በሉ። አንኮበር አቅጣጫ ወይም መንዝ ጓሳ ላይ ሰማዩ ሌላ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ውርጭ አለ። ጋቢ ደራርቡ፤ ብቻችሁን አትሂዱ። ከየካቲት በኋላ የበልግ ደመና ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ስለዚህ ኮማን ጥር ላይ ንጋት ሳይቀድማችሁ ብትጠብቋት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ላፕቶፑን አዘጋጁ

የምንጠቀመው ቅድም ያነሳሁት የብላንኮ ምስል የሚገኝበትን፣ ሌጋሲ ሰርቬይ የሚባለውን የሰማይ ካርታ ነው። በብራውዘራችሁ ሌጋሲ ሰርቬይ ስካይ ቪውወር ብላችሁ ፈልጉ፤ ያለ ምዝገባ ይከፈታል። ከዚህ ሌላ ዲኤስ ናይን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። የሥነ ፈለክ ምስል ለመክፈትና ለመለካት ነው። በስልክ ካርታውን ማየት ይቻላል፤ መለካት ግን አይመችም።

ክፍሉን አጨልሙ። የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ ላይ አድርጉ፤ ዓይናችሁን የሚጠብቅ ተብሎ ስክሪኑን የሚያቀላው ሞድ ይጥፋ። ስክሪኑንም ጥረጉ። የጣት አሻራ ስስ ጋላክሲ ይመስላል፤ እውነቴን ነው።

ኢንተርኔት ወይም መብራት የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ የምትፈትሹትን ቦታ ቀድማችሁ በጄፔግ አውርዱ። ለመለኪያ የሚሆነው የፊትስ ፋይል ነው። 512 በ512 ፒክሰል የሆነ ባለ ሦስት ባንድ ቁራጭ 3 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ለሚለካው ዕጩ ብቻ አውርዱት።

ደረጃ 4፦ ዓይናችሁን በድራጎንፍላይ 44 አሠልጥኑ

ሰው ይህን ደረጃ ሲዘል ቅር ይለኛል። ምን እንደሚመስል ሳታውቁ መፈለግ ድካም ነው።

መፈለጊያው ሳጥን ላይ 195.2417 እና 26.9764 ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ቁጥር ራይት አሴንሽን (የሰማይ ኬንትሮስ)፣ ሁለተኛው ዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) ነው፤ ሁለቱም በዲግሪ። መሃል ላይ ያለችው ድራጎንፍላይ 44 ናት። መጀመሪያ ምንም ላይታያችሁ ይችላል። አጉሉ፣ ከዚያ አሳንሱ፣ ደግሞ አጉሉ። ዓይን ስስ ነገርን የሚይዘው መጠኑ ሲለዋወጥለት ነው። ግማሽ ብርሃኗ የሚገኝበት ራዲየስ ወደ 10 አርክ ሰከንድ ስለሆነ ከዘመዶቿ መካከል ግዙፍ ናት።

ይህች ጋላክሲ ብዙ አከራክራለች። በ2016 የቫን ዶኩም ቡድን በኬክ ቴሌስኮፕ 33.5 ሰዓት ሙሉ ብርሃኗን ሰብስቦ የኮከቦቿን ፍጥነት ለካ። ውጤቱ ክብደቷ የፍኖተ ሐሊብን ያህል ነው፣ አብዛኛውም ጨለማ ቁስ ነው የሚል ነበር። በዙሪያዋ ወደ 100 የሚጠጉ ክብ የከዋክብት ክምችቶች እንዳሉም ተገመተ። በ2019 ያው ቡድን በሌላ መሣሪያ ሲለካ ፍጥነቱ ዝቅ አለ። በ2021 ደግሞ ሌላ ቡድን ክምችቶቹን እንደገና ቆጥሮ 20 ገደማ ናቸው አለ። የዓለም ምርጥ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች በአንዲት ጋላክሲ እንዲህ ከተለያዩ፣ እኛም የምንመዘግበውን ሁሉ ዕጩ ብቻ ብለን ብንጠራ አያሳፍርም።

ከድራጎንፍላይ 44 ጋር ትንሽ ቆዩ። ዳሯን፣ ቀለሟን፣ መሃሏ ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ማሳያውን ከምስል ወደ ሞዴል፣ ከሞዴል ወደ ቀሪ ምስል ቀይሩ። ቀሪ ምስል ማለት ኮምፒውተሩ ያወቃቸው ኮከቦችና ጋላክሲዎች የተቀነሱበት ነው። ስስ ነገር አንዳንዴ እዚያ ላይ እንደ እድፍ ቀርቶ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ፕሮግራሙ አንዱን ስስ ጋላክሲ ቆራርጦ ብዙ ትንንሽ ነገር አድርጎ ይመዘግበዋል።

ደረጃ 5፦ በመስመር ፈትሹ

እንደመጣላችሁ ወዲያ ወዲህ አትበሉ። አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነ ሳጥን ምረጡ። አንድ ስክሪን 5 አርክ ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) ያህል እንዲይዝ አድርጉ፤ በዚህ መጠን የካርታው ፒክሰልና የስክሪናችሁ ፒክሰል ይቀራረባሉ። ኮማ ላይ በዴክሊኔሽን 0.08፣ በራይት አሴንሽን 0.09 እየጨመራችሁ ሂዱ። ሁለቱ ያልተመሳሰሉት መስመሮቹ ወደ ዋልታ ሲጠጉ ስለሚቀራረቡ ነው። ሳጥኑን ለመጨረስ ወደ 150 ስክሪን ይሆናል። በአንድ ቀን አትጨርሱት። ዓይን ሲደክም ሁሉም ነገር ጋላክሲ ይሆናል።

የት ትጀምሩ? መሃሉ፣ 194.95 እና 27.98 አካባቢ፣ ኤንጂሲ 4874 እና ኤንጂሲ 4889 የሚባሉት ሁለት ግዙፎች ይነግሣሉ። እዚያ ብርሃናቸው ሌላውን ይውጣል። በዚያ ላይ ስስ ጋላክሲዎች ከክላስተሩ እምብርት አጠገብ ጥቂት ናቸው። የስበቱ ጉተታ ስለሚያፈራርሳቸው ነው ተብሎ ይታሰባል። ግማሽ ዲግሪ ያህል ወጣ ብላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል።

ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ ሥራው በጣም ይሻሻላል። የተማሪ ክበብ ካላችሁ ያንኑ ሳጥን ሁለት ሰው ለየብቻ ይፈትሽ። ሳትነጋገሩ ዝርዝራችሁን ጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩት። ሁለታችሁም የመዘገባችሁት ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፍ። አንዳችሁ ብቻ ያያችሁትን አብራችሁ ድጋሚ እዩት።

ደረጃ 6፦ ጣሉ

መጀመሪያ የሚጣለው የብሩህ ኮከብ ጥላ ነው። ካሜራው ውስጥ የተንጸባረቀ ብርሃን ክብና ስስ እድፍ ይፈጥራል። አካባቢው ላይ ደማቅ ኮከብ ካለ ተጠራጠሩ። ጂ፣ አር (ቀይ) እና ዜድ (ከቀይ ያለፈ) ባንዶችን ለየብቻ እዩ። በአንዱ ብቻ የሚታይ ነገር ይጣል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ አቧራ የኮከቦችን ብርሃን እየመለሰ ጭጋግ ይሠራል። ቪርጎ አካባቢ ይህ በተለይ ይበዛል። አቧራ ክር ክር ይላል፤ ቅርጹም ከስክሪኑ ይወጣል። ሰፋ አድርጋችሁ እዩት። ቪውወሩ ላይ የአቧራ ካርታም አለ፤ አብሩት።

ሦስተኛው በጣም አታላዩ ነው፤ የሩቅ ጋላክሲዎች ስብስብ። ከኮማ ብዙ እጥፍ ርቆ የሚገኝ ክላስተር ትንንሽ ጋላክሲዎቹ ተደራርበው አንድ ስስ ደመና ይመስላሉ። አጉልታችሁ ብጥቅጥቅ ያለ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ነጠብጣቡም ቀላ ካለ፣ ይህ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛው ዕጩ ኮማ ላይ ልስልስ ነው። ከላዩ ላይ ሌሎች ኮከቦችና ጋላክሲዎች ሊያርፉበት ይችላሉ፤ የራሱ አካል ግን እኩል የተቀባ ይመስላል።

ሰማያዊና ቅርጹ የተዛነፈ ከሆነም ተጠንቀቁ። ክላስተር ውስጥ ያሉት ባብዛኛው ጋዛቸው ስላለቀ አዲስ ኮከብ አይወልዱም፤ ቀላ ይላሉ። ክላስተሩ ውስጥ ያለው ትኩስ ጋዝ እየገፋ የእነሱን ጋዝ ይገፍፈዋል። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ከክላስተሩ ውጭ ያለ ነው፤ ምናልባትም ከፊት ለፊቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዝርዝራችሁ በግማሽ ካልቀነሰ ገና አልጨከናችሁም።

ደረጃ 7፦ ለኩ

የቀረውን ዕጩ የጂ ባንድ ፊትስ ፋይል በዲኤስ ናይን ክፈቱ። መሃሉ ላይ 2 አርክ ሰከንድ ራዲየስ ያለው ክብ ሥሩና የፒክሰሎቹን መካከለኛ ዋጋ ውሰዱ። አንድ ፒክሰል ብቻ አትውሰዱ፤ በአንድ ፒክሰል ላይ ጫጫታው፣ ማለትም የምስሉ የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ከጋላክሲው ይበልጣል። 100 ፒክሰል ስታማክሉ ጫጫታው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከዚያ ከጋላክሲው ራቅ ያለ ባዶ ቦታ ላይ ያንኑ ለኩና ቀንሱ።

የአንድ ፒክሰል ጎን 0.262 አርክ ሰከንድ ነው፤ ስፋቱ 0.0686 ካሬ አርክ ሰከንድ ይሆናል። የገጽ ድምቀቱ 22.5 ሲቀነስ 2.5 ጊዜ የዋጋው ሎጋሪዝም ነው፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ለ0.0686 አካፍሉት። ለምሳሌ ከጀርባው ተቀንሶ የቀረው 0.010 ቢሆን፣ ሲካፈል 0.146 ይሆናል፤ ውጤቱ 24.6 ገደማ ይመጣል። አለፈ ማለት ነው። ዋጋው ከ0.017 በላይ ከሆነ ግን ከ24 ስለሚደምቅ ይውደቅ።

ለመጠኑ፣ ከመሃል ጀምራችሁ ክቦችን በ1 አርክ ሰከንድ እያሰፋችሁ በየክቡ ውስጥ ያለውን ድምር ጻፉ። ድምሩ መጨመር የሚያቆምበት ጠቅላላው ብርሃን ነው። የዚያን ግማሽ የያዘው ክብ ራዲየሱ መልሳችሁ ነው። በ0.48 ስታባዙት በኪሎፓርሴክ ታገኙታላችሁ። ላዩ ላይ ያረፉትን ኮከቦች መሸፈን እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል።

እንደ ደንቡ ከ3 አርክ ሰከንድ ጀምሮ ይበቃል። እኔ ግን ጀማሪ ከ5 በታች ያለውን ባይመዘግብ እመርጣለሁ። ትንንሾቹ ከሩቅ ተራ ጋላክሲ ጋር ይምታታሉ። ዴኒስ ዛሪትስኪና ባልደረቦቹም ይህንኑ የሌጋሲ ምስል ፈትሸው 7,070 ዕጩ ሲመዘግቡ መነሻቸው 5.3 አርክ ሰከንድ ነበር።

ደረጃ 8፦ ባዶ ሰማይ ላይ ድገሙት

ምስል ርቀትን አይናገርም። ዕጩው ኮማ ውስጥ መሆኑን የሚያረጋግጠው ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በቀለም ተበትኖ ሲለካ፣ ነው፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ቴሌስኮፕና ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። ርቀት ሲሳሳት ሁሉም ይሳሳታል። በ2018 ጨለማ ቁስ የላትም ተብላ ዓለምን ያነጋገረችው የኤንጂሲ 1052 ዲኤፍ 2 ክርክር ትልቁ ክፍል ጋላክሲዋ ምን ያህል ትርቃለች የሚል ነበር።

እኛ ማድረግ የምንችለው ንጽጽር ነው። ከክላስተሩ 10 ዲግሪ ያህል ራቁ፤ ዴክሊኔሽኑን አትቀይሩ፤ ካሜራው እንዳይለወጥባችሁ። እዚያ እኩል ስፋት ያለው ሳጥን በዚያው ጥንቃቄ ፈትሹ። ኮማ ላይ 20 አግኝታችሁ ባዶው ላይ 3 ካገኛችሁ፣ ከ20ዎቹ 3 ያህሉ እንግዳ ናቸው፣ የቀሩት የሰፈሩ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። የትኞቹ እንደሆኑ በስም ባይታወቅም ቁጥሩ ይታመናል። ሁለቱ ሳጥኖች እኩል ካወጡ ግን ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ መዝግቡና አመሳክሩ

ለእያንዳንዱ ዕጩ ቦታውን፣ የገጽ ድምቀቱን፣ ራዲየሱን፣ ቀለሙን፣ ማን እንዳየውና ምን ጥርጣሬ እንዳለ ጻፉ። የጣላችሁትንም ከነምክንያቱ አስቀምጡ። ከዚያ ሲምባድና ኔድ የሚባሉት ነጻ የመረጃ ቋቶች ላይ ቦታውን ፈልጉ። ኮማ በጣም የታረሰ መሬት ስለሆነ አብዛኛው ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ደስ ይበላችሁ፤ ዓይናችሁ እንደሠራ ማረጋገጫው እሱ ነው። በታተመው ዝርዝር ካሉት ስንቱን እንዳገኛችሁና ስንቱን እንዳለፋችሁ ቁጠሩ። ያለፋችሁትን እየከፈታችሁ ለምን እንዳመለጣችሁ እዩ።

ኮማ ላይ ከታተመው አብዛኛውን ማግኘት ስትጀምሩ ወደ ፎርናክስ ሂዱ። መሃሉ 54.62 እና ሲቀነስ 35.45 ነው። እዚያ በራይት አሴንሽን በ0.1 እየዘለላችሁ ሂዱ፤ ራዲየሱን ደግሞ በ0.48 ፋንታ በ0.097 አባዙ።